በኬብሉ ልባስ ላይ ያሉት ፊደሎችና ከሥራቸው የተደበቀው ጋሻ

«ኤስቲፒ»፣ ማለትም ጋሻ ያለው የተጠማዘዘ ጥንድ፣ ብሎ የኔትወርክ ኬብል የሚያዝ ሰው ምን እንደሚመጣለት እርግጠኛ መሆን አይችልም። አንዱ አቅራቢ አራት ጥንድ ሽቦዎችን በአንድ ስስ የአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሎ ይልካል። ሌላው እያንዳንዱን ጥንድ ለየብቻው ፎይል ካለበሰ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ በመዳብ ሹሩባ ሸፍኖ ይልካል። ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም ኬብሎች ጋሻ አላቸው፣ የሁለቱም ጥንዶች የተጠማዘዙ ናቸው፤ «ኤስቲፒ» የሚለውም ከዚህ ያለፈ ነገር አይናገርም። በውፍረታቸው፣ ለማጠፍ ባላቸው እሺታና ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻን በመመከት አቅማቸው ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች አይመስሉም።

የነገሩ ሁሉ እናት የሆነው ቃል «ሺልድ» ነው፤ ጋሻ ማለት ነው። እንግሊዞች ለዚሁ ነገር «ስክሪን» ማለት ይቀናቸዋል፣ አሜሪካውያን «ሺልድ» ይላሉ። አንዳንድ የሽያጭ ጽሑፎች አንደኛውን ቃል ለፎይል፣ ሌላኛውን ለሹሩባ ብቻ ለመስጠት ይሞክራሉ፤ ክፍፍሉ ሁሉም የተስማማበት ስላልሆነ ሳይጨነቁበት ማለፍ ይቻላል። እኔ ጋሻ እላለሁ፤ ቃሉ አንድ የሚያሳስት ጠባይ ቢኖረውም። ጋሻ ሲባል የተወረወረውን ጦር አንጥሮ የሚመልስ ነገር ይታሰበናል። የኬብል ጋሻ ግን አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው መንገድ በመሆን ነው። ረብሻውን ይቀበልና ጉዳት ወደማያደርስበት ስፍራ ይሸኘዋል። መንገዱ ጫፉ ላይ ከተቆረጠ ጋሻው በፕላስቲክ ውስጥ የተኛ ብረት ሆኖ ይቀራል።

ረብሻው በየት በኩል ይገባል?

ሽቦ ሁሉ ሳይጠየቅ አንቴና ነው። ረብሻ ወደ እርሱ የሚደርስባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ጋሻ ሦስቱንም እኩል አይመክትም። ብዙ ገንዘብና ብዙ ትዕግሥት የሚባክነው ይህን ባለመለየት ነው።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መስክ ነው። ሳይነካኩ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ሽቦዎች ቻርጅ እንደሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ፣ እንደ ካፓሲተር፣ ይሠራሉ፤ በአንዱ ላይ ቮልቴጅ ሲወጣና ሲወርድ በሌላው ላይ ያለውን ቻርጅ ይገፋል፣ ይጎትታል። በመካከላቸው ከግራውንድ፣ ማለትም ከመሬት ጋር ከተገናኘው መስመር፣ ጋር የተያያዘ ብረት ቢገባ ግፊቱ ብረቱ ላይ ያርፍና ወደ መሬት ይወርዳል። ለዚህ ዓይነቱ ረብሻ እጅግ ስስ ፎይል እንኳ በቂ ነው። ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፦ ፎይሉ የሆነ ቦታ ላይ መያያዝ አለበት። ያልተያያዘ ጋሻ የተገፋውን ቻርጅ የሚያደርስበት ስለሌለው ለውስጠኛው ሽቦ መልሶ ያካፍለዋል።

ሁለተኛው የመግነጢስ መስክ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ከባድ ጅረት የሚሸከም የኃይል መስመር፣ ትራንስፎርመር ወይም ሞተር በዙሪያው የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ በሴኮንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ መዳብና አሉሚኒየም እንደሌሉ ቆጥሮ ያልፋቸዋል። ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ይገለጣል። ተለዋዋጭ ጅረት በብረት ውስጥ ወደ ገጹ እየተጠጋ ነው የሚሄደው፤ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ የሚለካው «የቆዳ ጥልቀት» በሚባለው መጠን ነው። በ50 ኸርዝ የመዳብ የቆዳ ጥልቀት 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1 ሜጋኸርዝ ወደ 0.07 ሚሊ ሜትር፣ በ100 ሜጋኸርዝ ደግሞ ወደ 0.007 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። እንግዲህ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ የሚያንሰው የኬብል ጋሻ የሬዲዮ ሞገድን ሊያቆም ሲችል የኃይል መስመርን እምምታ ለምን እንደማያቆም ግልጽ ነው። ለዚያ ወፍራም የአረብ ብረት ቱቦ፣ ወይም ከሁሉ የሚቀለው፣ ርቀት ያስፈልጋል።

የመግነጢስ መስክን በኬብል ውስጥ የሚያሸንፈው ሌላ ዘዴ ነው፤ በአማርኛ ስሙ ውስጥ ተቀምጦልናል። ገመድ የሚባለው ቃል መግመድ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ፈትልን በፈትል ላይ ማጠማዘዝ ማለት ነው። ሁለት ሽቦዎች አንዱ በሌላው ላይ ሲገመዱ በየግማሽ ዙሩ ቦታ ይለዋወጣሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ዙር የያዘውን ረብሻ ቀጣዩ በተቃራኒ አቅጣጫ ይይዘዋል፤ ሲደመሩ ይጣፋሉ። በሌላው ጫፍ ያለው ተቀባይ ደግሞ የሁለቱን ሽቦዎች ልዩነት ብቻ ነው የሚያነበው፤ በሁለቱም ላይ እኩል የመጣ ነገር ለእርሱ ዜሮ ነው። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ይህን ጥንድ ለስልክ መስመር በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1881 ነበር። ዛሬም ጋሻ የሌለው የኔትወርክ ኬብል በአንድ ሴኮንድ ቢሊዮን ቢት ያለ ችግር የሚያሳልፈው በዚሁ ብልሃት ነው። ለዚህ ነው ጋሻን የመጀመሪያው መከላከያ አድርጎ ማሰብ የማይገባው፤ የመጀመሪያው መግመድ ነው።

ሦስተኛው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሁለቱ መስኮች ተያይዘው ይመጡና በጋሻው ገጽ ላይ ጅረት ያስነሳሉ። ጋሻ እውነተኛ ችሎታው የሚታየው እዚህ ነው፤ የአሠራሩ ጥራትና የጫፉ አያያዝ የሚፈተነውም እዚሁ ነው።

ፎይል፣ ሹሩባና ጥምጥም

ጋሻ ከምን እንደሚሠራ ማወቅ ፊደሎቹን ለማንበብ ግማሽ መንገድ ነው።

ፎይል ስስ አሉሚኒየም በፖሊስተር ፕላስቲክ ላይ ተለጥፎ የሚሠራ ጥብጣብ ነው። ሽቦውን ያለ ክፍተት መቶ በመቶ ይሸፍናል፣ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። ድክመቱ ስስነቱ ነው፤ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል፣ ብዙ ጅረት አይሸከምም፣ በብየዳም አይያያዝም። ስለዚህ ከሥሩ አንድ ራቁት ሽቦ አብሮት ይሮጣል። ይህ ሽቦ ማፍሰሻ ሽቦ ይባላል፤ በሙያው «ድሬይን ዋየር» ነው። ፎይሉ አንድ ቦታ ቢቀደድ እንኳ ጅረቱ በእርሱ በኩል ይሻገራል፤ ጫፍ ላይ የሚያያዘውም እርሱ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የፎይሉ ሁለት ገጾች አንድ አይደሉም። አንዱ ብረት ነው፣ ሌላው ፕላስቲክ። ማፍሰሻ ሽቦው የሚተኛው በብረቱ በኩል ነው። ኬብሉን ጫፍ ላይ ሲያዘጋጁ የኮኔክተሩን ብረት በፕላስቲኩ ገጽ ላይ ጨብጦ «ተያይዟል» ብሎ ማለፍ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ከውጭ ሲያዩት ምንም ጉድለት የለበትም።

ሹሩባ ከቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች የተጎነጎነ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቆርቆሮ የተነከረ መዳብ ነው። በእንግሊዝኛ «ብሬይድ» ይባላል፤ የፀጉር ጉንጉን የሚጠራበት ቃል ነውና በአማርኛ ሹሩባ ብሎ መጥራት የትርጉም ጥረት እንኳ አይጠይቅም። ብረቱ ብዙ ስለሆነ ተቃውሞው ዝቅተኛ ነው፤ ከፎይል ይልቅ ብዙ ጅረት ያሳልፋል፣ መታጠፍንም ይችላል፣ ይበየዳልም። እንከኑ ቀዳዳው ነው። በሽቦዎቹ መካከል ጥቃቅን አልማዝ መሳይ ክፍተቶች አሉ፤ ስለዚህ አምራቾች ሹሩባውን በ«ሽፋን» መቶኛ ይገልጹታል። ጥሩው 85 ወይም 95 በመቶ ይሸፍናል፣ ርካሹ 60 ወይም ከዚያ በታች። ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ሞገዱ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር፣ ከፍ ባለ መጠን በቀዳዳው የሚሾልከው ይበዛል። ስለዚህ በጥቅሉ ሹሩባ በዝቅተኛው፣ ፎይል በከፍተኛው በኩል ይሻላሉ፤ ሁለቱ ሲደራረቡ አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ይሞላል። የዩኤስቢና የኤችዲኤምአይ ኬብሎች ሲቀደዱ ሹሩባና ፎይል አንድ ላይ የሚገኙባቸው ለዚህ ነው።

ጥምጥም ሦስተኛው ነው። ሽቦዎቹ ሳይጎነጎኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጠመጠማሉ። ኬብሉ እንደ ልብ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ለማይክሮፎንና በእጅ ይዘው ለሚንቀሳቀሱባቸው ነገሮች ይመረጣል። ነገር ግን የተጠመጠመ ሽቦ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እንደ ኮይል መሥራት ይጀምርና ጅረቱን ያደናቅፋል። ለድምፅ ጥሩ፣ ለሬዲዮ መጥፎ። ከእርሱ ጋር አንዳንድ የጊታር ኬብሎች ካርቦን የተቀላቀለበት ጥቁር ፕላስቲክ ይጨመርባቸዋል። ኬብሉ ሲረገጥ ወይም ሲወዛወዝ በጋሻውና በፕላስቲኩ መካከል ካለው መፋተግ የሚነሣውን ክርክርታ ይህ ንብርብር ያበርደዋል።

ከክፋዩ በፊትና በኋላ

አሁን ወደ ፊደሎቹ እንመለስ። «ኤስቲፒ» ችግር የሆነበት ታሪክ አለ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 የራሱን የኬብል ሥርዓት ሲያወጣ «ታይፕ 1» የተባለው ኬብል ሁለት ጥንድ ወፍራም ሽቦ ነበረው፤ እያንዳንዱ ጥንድ ፎይል ለብሶ ሁለቱ በአንድ ሹሩባ ይሸፈኑ ነበር፤ ኢምፔዳንሱም፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ምልክት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ 150 ኦም ነበር። በዚያ ዘመን «ኤስቲፒ» ማለት ይህ ነበር። ዛሬ የምናውቀው የኔትወርክ ኬብል አራት ጥንድና 100 ኦም ነው። የድሮው ኬብል ከገበያ ወጣ፣ ስሙ ግን ቀረና ያገኘው ሁሉ ለራሱ ኬብል ሰጠው። «ኤፍቲፒ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በብዙ አምራቾች ዘንድ አንድ የጋራ ፎይል ያለውን ኬብል ያመለክታል፣ ፊደሉ ግን ፎይሉ የቱ ጋ እንዳለ አይናገርም።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው የአይኤስኦ/አይኢሲ 11801 ደረጃ ሁለተኛ እትም ውስጥ መጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ስሙ በክፋይ ምልክት (/) ለሁለት ይከፈላል። ከክፋዩ በፊት ያለው ሁሉንም ጥንዶች አንድ ላይ ስለሚያለብሰው የጋራ ጋሻ ይናገራል። ከክፋዩ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው ስለለበሰው ይናገራል። «ዩ» ምንም የለም ማለት ነው፣ «ኤፍ» ፎይል ነው፣ «ኤስ» ሹሩባ ነው። መጨረሻ ላይ የሚመጣው «ቲፒ» የተጠማዘዘ ጥንድ ማለት ብቻ ነው።

በዚህ ቁልፍ ማንኛውም ስም ይከፈታል። ዩ/ዩቲፒ የጋራም የግልም ጋሻ የለውም። ኤፍ/ዩቲፒ የጋራ ፎይል አለው፣ ጥንዶቹ ራቁታቸውን ናቸው፤ «ኤፍቲፒ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ይህ ነው። ዩ/ኤፍቲፒ ተገላቢጦሹ ነው፤ ፎይሉ በየጥንዱ ላይ እንጂ በጋራ የለም። ኤስ/ኤፍቲፒ በየጥንዱ ፎይል፣ በጋራ ሹሩባ፤ ከላይ በመግቢያዬ ሁለተኛው አቅራቢ የላከው ይህ ነው። ኤስኤፍ/ዩቲፒ በጋራ ሹሩባም ፎይልም አለው፣ በየጥንዱ ግን ምንም የለም። የፊደል ቅደም ተከተል ሲገለባበጥ ሌላ ኬብል ይሆናልና ክፋዩን መዝለል አይገባም።

የጋራና የግል ጋሻ መለየት ለምን አስፈለገ? ጠላቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ ነው። የጋራው ጋሻ ከውጭ የሚመጣውን፣ ከጎን ያለው ኬብል የሚያስገባውንም ጭምር ይመክታል። የግሉ ደግሞ በአንድ ኬብል ውስጥ አንዱ ጥንድ የሌላውን ወሬ እንዳይሰማ ያደርጋል፤ ይህ ክሮስቶክ የሚባለው ችግር ነው። ጋሻ በሌለበት ኬብል ውስጥ ይኸው ሥራ የሚሠራው አራቱን ጥንዶች በተለያየ ጥብቀት በመግመድ ነው፤ ኬብል ቀድደው ያዩ ሰዎች አንዱ ጥንድ ከሌላው ይልቅ ጠበቅ ብሎ መጠማዘዙን አስተውለው ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ካታጎሪ የሚባለው ቁጥርና የጋሻው ፊደል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካታጎሪው ኬብሉ እስከ ስንት ፍሪኩዌንሲ ድረስ እንደተፈተነ ይናገራል፦ 5ኢ እስከ 100 ሜጋኸርዝ፣ 6 እስከ 250፣ 6ኤ እስከ 500፣ 8 እስከ 2,000። ጋሻ የሌለው ካታጎሪ 6ኤ አለ፣ ጋሻ ያለው 5ኢም አለ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጋሻ የግድ የሚሆንበት ደረጃ ላይ ይደረሳል፤ ካታጎሪ 7 እና 8 ያለ ጋሻ አይኖሩም። «ካታጎሪ 6 ስለሆነ ጋሻ አለው» የሚል ሰው ግን ቁጥርን በፊደል እያነበበ ነው። ስለ ውጭው ልባስ የሚጻፉት፣ ጭሱ መርዛማ አይደለም፣ ፀሐይ ይችላል የሚሉት፣ ከጋሻው ጋር አንዳች ግንኙነት የላቸውም።

ጋሻው ራሱ ሽቦ ሲሆን

ኮአክሲያል ኬብል ከዚህ ቤተሰብ ይለያል። ኦሊቨር ሄቪሳይድ እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዝ ፓተንት ያወጣበት ይህ ኬብል መሐሉ ላይ አንድ ሽቦ አለው፣ ዙሪያውን ፕላስቲክ፣ ከዚያ ጋሻ፣ ከዚያ የውጭ ልባስ። ጋሻው እዚህ ጠባቂ ብቻ አይደለም፤ የምልክቱ መመለሻ መስመር ነው። ጋሻው ቢቆረጥ የኤሌክትሪክ ዑደቱ ራሱ ይቆረጣል።

ታዲያ አንድ ብረት ምልክትንም ረብሻንም ተሸክሞ እንዴት አያቀላቅላቸውም? የቆዳ ጥልቀቱን እናስታውስ። በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ጅረት በብረቱ ገጽ ላይ ብቻ ይሮጣል። የምልክቱ ጅረት በጋሻው የውስጥ ገጽ ላይ ይሄዳል፣ የረብሻው ጅረት በውጭው ገጽ ላይ፤ በመካከላቸው ያለው የብረት ውፍረት ግድግዳ ሆኖ ይለያቸዋል። በጠቅላላው የኬብል ነገር ውስጥ ከዚህ የሚያምር ነገር አላውቅም። በተግባር ግን ሹሩባ ቀዳዳ አለው፣ ፎይል መጋጠሚያ አለው፤ ከውጭው ገጽ ወደ ውስጡ ጥቂት ይሾልካል። ያ የሚሾልከው መጠን «የማስተላለፊያ ኢምፔዳንስ» ይባላል፤ የሚለካው በየሜትሩ በሚሊ ኦም ነው፤ ባነሰ ቁጥር ጋሻው ይሻላል። በሻጮች ወረቀት ላይ እምብዛም አይታይም፤ ከሽፋን መቶኛ ይልቅ እውነቱን የሚናገረው ግን እርሱ ነው።

በኮአክሲያል ዓለም «ትራይ ሺልድ» ሲባል ፎይል፣ ሹሩባ፣ እንደገና ፎይል ነው። «ኳድ ሺልድ» ሲባል ፎይልና ሹሩባ ሁለት ጊዜ ተደራርበው ነው። አርጂ 6 እና አርጂ 59 ባለ 75 ኦም፣ አርጂ 58 ባለ 50 ኦም ናቸው፤ «አርጂ» ከአሜሪካ ጦር የድሮ ዝርዝር የቀረ ስያሜ ሲሆን ዛሬ የጋሻውን ጥራት አይነግርም። ሁለት አርጂ 6 ኬብሎች፣ አንዱ ጥቅጥቅ ያለ የመዳብ ሹሩባ ሌላው ሳሳ ያለ የአሉሚኒየም ሹሩባ ይዘው፣ በአንድ ስም ይሸጣሉ። ትዊናክሲያል በአንድ ጋሻ ውስጥ ሁለት ሽቦ ያለው ነው፤ ትራያክሲያል ደግሞ እርስ በርሳቸው የማይነካኩ ሁለት ጋሻዎች ያሉት፤ የውስጡ ምልክቱን ይመልሳል፣ የውጭው ብቻውን ይጠብቃል።

ጋሻ የሚመስሉ ነገሮች

በፋብሪካ መቆጣጠሪያ ኬብሎች ዘንድ ዋይዋይ፣ ሲዋይ እና ኤስዋይ የሚሉ ስሞች አሉ። ፊደሎቹ ንብርብሮቹን ይቆጥራሉ፤ «ዋይ» ፒቪሲ ፕላስቲክ፣ «ሲ» የመዳብ ሹሩባ፣ «ኤስ» የአረብ ብረት ሹሩባ። ዋይዋይ ምንም ጋሻ የለውም። ሲዋይ ጋሻ አለው። ኤስዋይ በግልጽ ፕላስቲኩ ሥር የሚያብረቀርቅ ሹሩባ ያሳያል፤ ከሦስቱም ይበልጥ «ጋሻ ያለው» የሚመስለውም እርሱ ነው። ሹሩባው ግን ከአረብ ብረት የተሠራ ሲሆን የገባው ኬብሉ እንዳይቀጠቀጥ ነው። የኤሌክትሪክ ረብሻን ለመመከት አልተሠራም፣ ለዚያም አይመረጥም። የሚገርመው፣ በኔትወርክ ኬብል ላይ «ኤስ» ጥሩ ሹሩባ ሆኖ እዚህ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ፊደል በየቤቱ የተለያየ ትርጉም አለው።

ከመሬት በታች በሚቀበሩ የኃይል ኬብሎች ላይ የሚታየው የወፍራም ብረት ሽቦ ልባስም እንዲሁ ነው። ስሙ «አርመር» ነው፤ ጥሩር ብንለው ያስኬዳል። የአካፋንና የድንጋይን ምት ይችላል።

በሌላ በኩል በብዙ ሺሕ ቮልት የሚሠሩ ኬብሎች እውነተኛ ጋሻ አላቸው፤ ዓላማው ግን ሌላ ነው። ማርቲን ሆክስታድተር እ.ኤ.አ. በ1916 ፓተንት ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ በእነዚህ ኬብሎች ውስጥ እያንዳንዱ ሽቦ በብረት ንብርብር ይከበባል። የዚህ ጋሻ ሥራ የኤሌክትሪክ መስኩን በፕላስቲኩ ውስጥ እኩል ማከፋፈል ነው፤ መስኩ አንድ ቦታ ከተሰበሰበ ፕላስቲኩን እየበላ ይበሳዋል። ከብረቱ ሥር ካርቦን የተቀላቀለበት ከፊል አስተላላፊ ጥቁር ንብርብር የሚደረገውም ገጹን ለማለስለስ ነው። እዚህ ጋሻውን ሳያያይዙ መተው የድምፅ ጥራት ጉዳይ አይደለም፤ ጋሻው ራሱ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይይዛል።

የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎች ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ረባሹ ኬብሉ ራሱ ነው። መቆጣጠሪያው በሴኮንድ በሺሕ የሚቆጠር ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ሞተሩን ሲመግብ በኬብሉ ላይ ስለታም ግፊቶች ይሮጣሉ። ጋሻው እነርሱን በውስጥ ያፍናል፣ ወደ መቆጣጠሪያውም የሚመለሱበትን አጭር መንገድ ይሰጣል። መንገዱ ሙሉ እንዲሆን በሁለቱም ጫፍ መያያዝ አለበት።

ጫፍ

አንድ ጊዜ የሚያጉረመርም የድምፅ መስመር ገጥሞኝ ኬብሉን በተሻለ ጋሻ ለወጥሁት። ጉርምርምታው ባሰ። ጋሻው ወፍራም ስለነበር በሁለቱ መሣሪያዎች ግራውንድ መካከል የነበረውን ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ይበልጥ ተመችቶት ጅረት አደረገው። ይህ የግራውንድ ቀለበት የሚባለው ነገር ነው፤ የሚሰማውም በ50 ወይም በ60 ኸርዝና በብዜቶቻቸው ነው።

ከዚህ ዓይነት ገጠመኝ የተነሣ «ጋሻን በአንድ ጫፍ ብቻ አያይዝ» የሚል ምክር በሰፊው ተሰራጨ። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። ለዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ ለድምፅና ለዝግተኛ የሴንሰር ምልክት፣ ቀለበቱን ይቆርጣል፤ የኤሌክትሪክ መስክንም በአንድ ጫፍ የተያዘ ጋሻ ይመክታል። ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ግን አንድ ጫፉ የተፈታ ጋሻ ራሱ አንቴና ይሆናል። የ100 ሜጋኸርዝ ሞገድ በአየር ላይ 3 ሜትር ይረዝማል፤ ሩብ ሞገዱ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ያን ያህል የሚረዝም ኬብል ተራ ነገር ነው። ስለዚህ ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በሁለቱም ጫፍ ማያያዝ ነው ደንቡ። ሁለቱንም ለሚፈልግ፣ አንዱን ጫፍ በቀጥታ ሌላውን በካፓሲተር በኩል ማያያዝ ይቻላል፤ ካፓሲተሩ የሬዲዮውን ያሳልፋል፣ የኃይል መስመሩን ይከለክላል።

የድምፅ ባለሙያው ኒል መንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከኬብሉ ይልቅ በመሣሪያው ውስጥ እንዳለ አሳየ። በማይክሮፎን ኮኔክተር ላይ የጋሻው ቦታ ቁጥር 1 የሆነው እግር ነው። ብዙ መሣሪያዎች ይህን እግር ወደ ውስጠኛው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይወስዱታል፤ በዚህ ጊዜ በጋሻው ላይ የመጣው ረብሻ በቀጥታ ከምልክቱ ጋር ይገናኛል። ጋሻው መግቢያው ላይ ከመሣሪያው የብረት ሣጥን ጋር ቢያያዝ ግን ረብሻው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ በዚያው ይሸኛል። የጫፍ አያያዝ ትርጉሙ ይህ ነው።

ከዚያ የሚቀጥለው በደል «ፒግቴይል» ይባላል፤ የአሳማ ጭራ። ሹሩባው ተፈትቶ በአንድ ቀጭን ጭራ ይጠማዘዝና በብሎን ይያያዛል። ሥራው ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን የሽቦ ኢንዳክታንስ፣ ማለትም የጅረትን መለዋወጥ የመቃወም ጠባዩ፣ በጥቅሉ ለአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ናኖሄንሪ ገደማ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ጭራ 50 ናኖሄንሪ ይሆናል፤ በ100 ሜጋኸርዝ ይህ ወደ 31 ኦም ተቃውሞ ነው። ሚሊ ኦም የሚለካ ውድ ጋሻ ጫፉ ላይ 31 ኦም ካገኘ መንገዱ ተዘግቷል። ስለዚህ ጋሻን በዙሪያው ሙሉ፣ 360 ዲግሪ፣ በብረት ጨብጦ ማያያዝ ነው የሚመረጠው። ርካሽ ኬብል በጥሩ ጫፍ ከውድ ኬብል በመጥፎ ጫፍ ይበልጣል ብል የማጋነን አይመስለኝም።

ጋሻ ያለው የኔትወርክ ኬብል በሁለት ሕንፃዎች መካከል መዘርጋት ሌላው ወጥመድ ነው። የሁለቱ ሕንፃዎች ግራውንድ እኩል አይደለም፤ ልዩነቱ ጋሻውን የጅረት ድልድይ ያደርገዋል። በዚህ ቦታ ኦፕቲካል ፋይበር ይዘረጋል፤ ብረት ስለሌለው ጥያቄው ራሱ ይጠፋል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ከሞተሮችና ከትላልቅ ማሽኖች ርቆ ለሚሄድ ተራ የኮምፒውተር መስመር ደግሞ ዩ/ዩቲፒ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ጋሻውን በትክክል ለማያያዝ ሰው፣ ኮኔክተርና ጊዜ ከሌለ ባይኖር ይሻላል።

ሲጨርሱ የሚደረገው ፍተሻም ያታልላል። ቀላሎቹ የኬብል መሞከሪያዎች ለጋሻው አንዲት መብራት አላቸው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጣይ ከሆነ ትበራለች። ሁለቱም ጫፎች ከኬብል ሣጥኖቹ ግራውንድ ጋር ተያይዘው ሳለ ግን የኬብሉ ጋሻ መሐል ላይ ተቆርጦም ቢሆን መብራቷ ትበራለች፤ ጅረቱ በሕንፃው ግራውንድ ዞሮ ይደርሳልና። ፍተሻው ቁም ነገር እንዲኖረው አንዱን ጫፍ ከሣጥኑ ነቅሎ መለካት ነው። የአሳማ ጭራንም መልቲሜትር አይለየውም፤ በእርሱ ዓይን 5 ሳንቲ ሜትር መዳብ ዜሮ ኦም ነው። እርሱን ለማግኘት ኮኔክተሩን ፈትቶ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል።